የሰሃኑ ጀርባ

አባቴን ይዤው ገባሁ፤ ሐሙስ ማታ ነበር፣
ካዛንቺስ፣ ከአዲሱ የመስታወት ሕንፃ ሥር።
በሩን የከፈተው ጓንት ያጠለቀ ልጅ
«እንኳን ደህና መጡ» ሲል፣ አባቴም እጅ
ነሣ፤ ልጁም ነሣ፤ እንዲያ ጎንበስ ቀና
ሲባባሉ ቆዩ፤ አልገባንም ገና።

ወንበሩ ከኋላው በሰው እጅ ሲገፋ
«ቀስ!» አለ፣ ሊጥሉት መስሎት፣ ፊቱ ከፋ።
ዝርዝሩን አመጡ፣ በቆዳ ለብደው፤
ሳይገልጥ ዳሰሰና «የጥጃ ነው» አለው
አስተናጋጁን። ደረቱ ላይ «ያፌት» የተሰካበት
ልጅ ነው፤ «ይሆናል ጋሼ» አለ፣ እንደሰለጠነበት።

«ሪብ አይ አለን፣ ፊሌቶ፣ እንዲሁም ቲቦን።»
«የትኛው ነው ዳቢት? ሽንጡስ በየት በኩል ይሆን?»
ያፌት ጣራውን አየ፣ ቀጥሎ ወደኔ።
በየት ጀምሬ ልንገረው እኔ፣
ይህ ሰው አርባ ዓመት በሬን ቤት ለቤት
እንደ ሰፈር እንደዞረበት፣
ሻኛ የት እንደሚያበቃ፣ ዳቢት የት እንደሚጀምር፣
ታላቅና ታናሽ የሚዋሰኑበትን አጥር
ዓይኑን ጨፍኖ በቢላው ጫፍ እንደሚያውቅ?
«እንዴት ይብሰልልዎ? ለስለስ? መሐከለኛ? ድርቅ?»
«አይብሰል» አለ አባቴ። ልጁ ጻፈና ሰረዘ።
«ሁለት መሐከለኛ» አልኩ፤ እንደዚያው ታዘዘ።

በግራችን አንድ ባል ለልደቷ የጋበዛት
ሚስቱ ጥብሱን ከአራት ማዕዘን በስልክ ስታነሣው በረደባት፤
በቀኛችን ክራቫት ያላሉ ሦስት ሰዎች
ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ያወራሉ ከወይን ብርጭቆዎች
ጀርባ ሆነው፤
ጥግ ላይ ብቻዋን አንዲት ሴትዮ፣ ስልክ የላት፣ ጓደኛ የላት፣
ዓይኗን ጨፍና ታላምጣለች። «ያቺ ገብቷታል» አለ አባቴ፣ ወደዳት።

ጥብሱ ሲመጣ ቅቤው ገና ይንጫጫል፤
ከላዩ አንዲት ዘለላ የጥብስ ቅጠል።
«አንቺ እንኳ አለሽ» አላት፤ ለቅጠሏ ነው።
ቢላውን አነሣ፤ ከበድ ያለ፣ እጀታው የቀንድ ነው፣
ሥጋው ላይ ሲያሳርፈው ግን ዘነጠለው።
አውራ ጣቱን በስለቱ ላይ አግድም አሳለፈና
«ዱልዱም» አለኝ በሹክሹክታ፣ እንደ ሰው ገመና።

የዳቦውን ሰሃን አራገፈ፤ ገለበጠው።
ከሥሩ ቀለም ያልነካው ሻካራ ቀለበት አለው፤
እዚያ ላይ፣ ሺው... ሺው... አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጎን፤
ፒያኒስቱ ጣቱ ጠፋበት፣ ያቺ ሴትዮም ገለጠች ዓይኗን።
ድምፁን ጆሮዬ ያውቀዋል፤
ሱቃችን የነበረበት፣ ከዚህ ማዶ፣ አሁን ሣር ለብሶ መብራት በዝቶበታል፤
ከትምህርት ቤት ስመለስ ማዕዘኑ ላይ የሚቀበለኝ ይኸው ድምፅ ነበር፤
ዛሬ ግን፣ ልዋሽ? አፈርኩ፤ አቀረቀርኩ ወደ ጠረጴዛው ሥር።

ጥቁር የለበሰ ኃላፊ መጣ፤ «ችግር አለ እንዴ?»
አባቴ እጀታውን ወደሱ አዙሮ «ሞክረው እስቲ አንዴ።»
ሰውዬው ግራ ገብቶት ሲቆም፣ ከቀኝ ጠረጴዛ
አንዱ የሲሚንቶ ሰው ቢላውን ዘረጋ እንደዋዛ፦
«የኔንም፣ አባባ።» ከዚያ የልደቷ ባል፤ ከዚያ ሌላ።
ሰባት ቢላ ሳለ። ጥብሱ በረደ፤ ሁለት ጉርሻ ብቻ በላ።

«ጥሩ በሬ ነበር» አለ፣ «ከቆላ የመጣ፤ ብዙ ሄዷል።
ባያጣድፉት ደግ ነበር። ደክሞት ነው የታረደው፤ ሥጋው ይናገራል።»
ብቸኛዋ ሴትዮ አልመጣችም። ስንወጣ አየሁ፤ የምትቆርጠው
ከቦርሳዋ ባወጣችው በራሷ ሰንጢ ነው።

ሂሳቡን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩት።
መኪና ውስጥ አውራ ጣቱን ሲጠባ አየሁት፤
ቀጭን መስመር፣ ጠብ የምትል ደም።
«ተቆረጥክ እንዴ?»
                    «ግድ የለም»
አለ ደስ ብሎት፣ ዞሮ ወደ መስኮቱ፤
«ነቅቷል ማለት ነው ስለቱ።»